ሃምስተሩ ያጣው ጉድጓድ ነው

«የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እኅቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ለ9 ዓመት ልጄ ሃምስተር የሚባለውን እንስሳ አመጣችላት። መጀመሪያ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥነው፤ በአንድ ሌሊት ቀዶ ወጣ። አሁን የወፍ ማስቀመጫ ሽቦ ቤት ውስጥ ሆኖ ሳሎን መስኮቱ አጠገብ ተሰቅሏል። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ልጄ ስትቀሰቅሰው ሁለት ጊዜ ነክሷታል። ሌሊት ደግሞ ሽቦውን ሲያኝክ እንቅልፍ ይነሳናል። እንጀራ፣ ንፍሮና ሙዝ እንሰጠዋለን፤ ወዲያው ያልቃል፣ እሱ ግን እየከሳ ነው። ብቻውን ሆኖ ከፍቶት ይሆን? ጓደኛ ላምጣለት? አማቴ ደግሞ አይጥ ቤት ውስጥ አይኖርም ብለው ቆርጠዋል። ምን ላድርግ?»
እናት፣ ከባሕር ዳር

ውድ እኅታችን፣

ሁለተኛ ሃምስተር አያምጡ። ይህን ያስቀደምነው እኅትዎ በሚቀጥለው ጉዞዋ ሌላ ይዛ ሳትመጣ እንዲደርስዎ ብለን ነው። ሃምስተር ብቻውን ኗሪ ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ካለፈው በኋላ ሌላ ሃምስተር አጠገቡ ከገባ ይጣላሉ፤ ጠቡም ተነካክሶ የሚያበቃ አይደለም፤ ጠዋት አንደኛውን ሞቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ሴቷ በ16 ቀን ገደማ ስምንትና ከዚያ በላይ ግልገል ትወልዳለች፤ ያን ሁሉ ለየብቻው ማኖር ይጠበቅብዎታል።

ሽቦ ማኘኩም፣ መንከሱም፣ መክሳቱም ሲታይ ምክንያቱ አንድ ነው። ይህ እንስሳ የተፈጠረው ከመሬት በታች፣ በጨለማ፣ ለብቻው እንዲኖር ነው። እናንተ ዘንድ ያለው ግን በአየር ላይ፣ በብርሃን፣ በሰው መካከል ተሰቅሎ ነው። በሰው ቤት የሚኖሩት የሶርያ ሃምስተሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ዘራቸው የሚመዘዘው እ.ኤ.አ. በ1930 ሶርያ ውስጥ፣ ሐለብ ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ ጉድጓድ ከወጡ እናትና ግልገሎች ነው። በዚያ አገር የዱር ሃምስተር ጉድጓድ ሲለካ ጥልቀቱ በአማካይ 65 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ሜትር ያለፈም አለ። እናት ከግልገሎቿ ጋር ካልሆነች በቀር በአንድ ጉድጓድ የሚገኘው አንድ ሃምስተር ብቻ ነው። መኝታው፣ ጎተራውና መሽኛው ለየብቻ ናቸው። የእናንተው ሃምስተር ሽቦ ቤት ውስጥ ተወልዶ ቢሆንም ይህንኑ ይፈልጋል፤ የሚቆፍርበት ሲያጣ ሽቦውን ያኝካል።

መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። ካደገ በኋላ ከ13 እስከ 18 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም፣ ከ100 እስከ 150 ግራም የሚመዝን ከሆነ የሶርያው ነው። ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ፣ ከ30 እስከ 50 ግራም ብቻ የሚመዝን ከሆነ ድንክዬው ዓይነት ነው። ከዚህ በታች የምንሰጠው ልክ ለሶርያው ነው። ለድንክዬው ምግቡን በግማሽ ይቀንሱ፤ የሽቦውም ቀዳዳ ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ቤቱን ግን አያጥብቡበት፤ ትንሽ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል ማለት አይደለም።

ለአናጢው የሚሰጡት ልክ፦ ርዝመት 100፣ ወርድ 50፣ ቁመት 60 ሳንቲ ሜትር። ከጣውላ ይሠራ። ችፑድ አይሁን፤ ሽንት ሲነካው ያብጣል፣ ሙጫውም አብሮ ይታኘካል። የጥድ ጣውላም ይቅር፤ ሽታው ለእኛ ደስ ይላል፣ ለትንሽ ሳንባ ግን ከባድ ነው። ውስጡ ቀለምም ቫርኒሽም አይቀባ። ወለሉን በስስ ላሜራ ያስለብሱት፤ ላሜራው ዙሪያውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ ይታጠፍ፣ ጫፉም ስለታም እንዳይሆን ተመልሶ ይተኛ። ይህ ከቀረ ሽንቱ እንጨቱ ውስጥ ይሰርግና ሣጥኑ በጥቂት ወራት ውስጥ መሽተት ይጀምራል። ከፊት ለፊት የታችኛውን 35 ሳንቲ ሜትር መስታወት ያድርጉት። ልጅዎ ዋሻውን ሲቆፍር የምታየው በዚያ በኩል ነው፤ ቀን ቀን ግን በጨርቅ ወይም በካርቶን ይሸፈን። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሽቦ ወንፊት ይሁን፣ ቀዳዳው ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰ፣ መዝጊያውም በመንጠቆ የሚቆለፍ። ሃምስተር ጭንቅላቱ የገባበትን ቀዳዳ ሁሉ ይገፋል፤ ከብዶ የተቀመጠ ክዳን ብቻውን አያቆመውም።

አናጢው እስኪጨርስ የወፉ ቤት ውስጥ አይቆይ። ትልቁን የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን ወስደው የክዳኑን መሀል ይቁረጡና ሽቦ ወንፊት ይግጠሙበት፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭድ ሞልተው ዛሬ ማታውኑ ያዛውሩት።

ስለ ጉዝጓዙ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የመጀመሪያው ሐሳብ ሁልጊዜ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራ በጣም የላመ ስለሆነ ብናኙ አፍንጫውንና ዓይኑን ያቆስላል። ከዚያ ይልቅ ከመላጊያ የሚወጣው ጥቅልል ፍቅፋቂ ይሻል ነበር፤ ነገር ግን አናጢ ቤት መሬት ላይ ያለው ጥድ፣ ባሕር ዛፍ፣ ችፑድና ሙጫ የተደባለቀበት ስለሆነ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ይለፉት። ከፎገራ የሚመጣው የሩዝ ገለፈትም ሹልና አቧራማ ነው። ባሕር ዳር ላይ በቀላሉ የሚገኘውና የምንመርጠው የጤፍ ጭድ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ሲጠቀጠቅ ዋሻ ይይዛል። ጭዱን እንደመጣ አያስገቡ። በሸራ ላይ ዘርግተው እያገላበጡ ለሦስት ቀን ፀሐይ ያስመቱት፤ ከዚያ በወንፊት እያራገፉ አቧራውን ያውጡ። የተባይ መድኃኒት የተረጨበት ወይም የሻገተ ሽታ ያለው ከሆነ ይጣሉት።

አሞላሉ እንዲህ ነው። ሦስት እጅ ጭድ፣ አንድ እጅ ያልታተመበት የተቀደደ ወረቀት ያደባልቁ። የሣጥኑን አንድ ወገን 30 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላውን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሙሉ፤ መሀሉ ተዳፋት ይሁን። በሞሉ ቁጥር በመዳፍዎ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት። ላላ ያለ ጭድ ውስጥ ዋሻው ስለሚናድ እንስሳው ቆፍሮ ቆፍሮ ይተወዋል፤ ከዚያ ሰው «አይቆፍርም» ይላል። በደንብ ከተጫነ ከአንድ ሙሉ ጆንያ በላይ ይፈጃል፤ አይደንግጡ፣ የሚተካው በከፊል ብቻ ነው። ጥልቅ በሆነው ወገን ጥግ ላይ ከታች ቀዳዳ ያለው አሮጌ የሸክላ ድስት ገልብጠው ይቅበሩ፤ መግቢያው 7 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስፋ። ሸክላ በበጋ ይቀዘቅዛል፤ መኝታ ቤቱን እዚያው ያደርገዋል። ለመኝታ የሚሆነውን ሽታ የሌለው ሶፍት ቀዳድደው አንድ እፍኝ መሬት ላይ ይተዉለት፤ እሱ ራሱ በጉንጩ ሞልቶ ወደ ውስጥ ይወስደዋል። ጥጥ ፈጽሞ አይስጡ። ክሩ እግሩን ጠምጥሞ ደም ያቆማል፣ ቢውጠውም አንጀቱን ይዘጋል።

ጉዝጓዙን በየሳምንቱ ጠርገው አያውጡ። ሃምስተር ዓይኑ ደካማ ነው፤ ቤቱን የሚያውቀው በማሽተት ነው፤ ሁሉ በአንድ ቀን ሲወጣበት ወደማያውቀው አገር እንደተጣለ ይሆናል። የሚሸናበትን ጥግ በሁለት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ በእፍኝ ያውጡ፤ በየአምስት ሳምንቱ ገደማ ከጉዝጓዙ ሲሶውን ብቻ ይተኩ። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ የሐይቁ ዳር እርጥበት ጭዱን ስለሚያሻግተው በየሳምንቱ እጅዎን ታች ድረስ አስገብተው ይዳስሱ፤ የረጠበውን ክፍል ያውጡ።

ከጭዱ ሌላ የአሸዋ ገላ መታጠቢያ ያስፈልገዋል፤ ፀጉሩን የሚያጸዳው በዚያ ነው። በውሃ አይታጠብም፤ ቢታጠብ ብርድ ይገድለዋል። የወንዝ አሸዋ በወንፊት ነፍተው፣ ሦስት አራቴ አጥበው፣ በአሮጌ የብረት ምጣድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያመሱት፤ ሲቀዘቅዝ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ሳህን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል አድርገው ያስገቡ። ብዙ ሃምስተሮች እዚያው መሽናት ስለሚወዱ ማጽዳቱንም ያቀልልዎታል።

መሮጫ ጎማው የግድ ነው። በሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ እንስሳ ነውና ያለ ጎማ ጉልበቱን የሚያወጣው ሽቦ ላይ ነው። የሚሸጡት ትንንሾቹ ባለሽቦ ጎማዎች ግን እግር በመሀል እየገባ ይሰብራሉ፣ ጀርባውንም ያጎብጣሉ። የሶርያ ሃምስተር 28 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ወለሉ ድፍን የሆነ ጎማ ይፈልጋል። ብስክሌትና ባጃጅ በሞላበት ከተማ ይህን መሥራት አይከብድም። አፉ 28 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ የፕላስቲክ ባልዲ ወስደው ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ቁመት ትተው ይቁረጡት፤ ጠባብ መቀመጫ ያለው ባልዲ ከሆነ መለኪያው መቀመጫው ነው። ከመካኒክ ትንሽ ኩሽኔታ ይግዙ፤ ግራሱን በጋዝ አጥበው፣ በሳሙና ደግመው፣ ሽታው እስኪጠፋ ያድርቁት። የባልዲውን መቀመጫ ትክክለኛ መሀል ፈልገው ይብሱ። መሀሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ከሳተ ጎማው እየተንገዳገደ ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል። ኩሽኔታውን በብሎን ከቆመ ጣውላ ጋር ያያይዙት፤ በሁለቱም በኩል ሮንዴላ ይግባ፣ ዳዶው ጎማው በአንድ ጣት ግፊት ብዙ ዙር እስኪዞር ድረስ ይላላ። የብሎኑ ጭንቅላት ወደ ውስጥ ብዙ እንዳይወጣ ይጠንቀቁ። የሚሮጥበትን ወለል በብርጭቆ ወረቀት በወርዱ ይፈግፍጉት፤ ፕላስቲኩ ለስልሶ እንዳያንሸራትተው። የብርጭቆ ወረቀቱን ራሱን እዚያ ላይ መለጠፍ ግን መዳፉን ያደማል። ጎማውን ጉዝጓዙ ስስ በሆነው ወገን፣ በጭዱ ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ያቁሙት።

ሣጥኑ የት ይቀመጥ? ሳሎን መስኮት ሥር አይሁን። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሕር ዳር ከሰዓት በኋላ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ክፍል ደግሞ ከውጭው ይብሳል። ለሃምስተር የሚስማማው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ነው፤ ከ30 ሲያልፍ ሙቀት ሊመታው ይችላል። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው፣ ኮርኒስ ያለው ጸጥ ያለ ክፍል ይምረጡ፤ ከወለሉ በጡብ ከፍ አድርገው ያስቀምጡት። በሞቃት ቀን ውሃ የሞላ ሃይላንድ በረዶ አስደርገው በጨርቅ ይጠቅልሉና ከሣጥኑ ውጭ ጎኑን ያስነኩት። ተዘርግቶ ተኝቶ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ አፉ የሚረጥብ ከሆነ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ያውጡት፤ እግሩንና ጆሮውን ለብ ባለ እርጥብ ጨርቅ ይንኩት እንጂ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንከሩት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ጭዱ ጥልቅ ከሆነ ሌላ ማሞቂያ አያስፈልገውም።

ጭስ ትልቅ ጠላቱ ነው። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጤስበት፣ በርበሬ የሚቆላበት ክፍል ለእሱ አይሆንም። ከሰል ሲነድ ደግሞ የታፈነ አየር ቶሎ የሚመርዘው ትንሹን አካል ነው። የወባ ርጭት ቡድን ሲመጣ ሃምስተሩን ከነሣጥኑ፣ ምግቡንና ውሃውን ጨምሮ ከቤት ያውጡ፤ ግድግዳው ደርቆ ሽታው እስኪጠፋ አይመልሱት። ዝንብና ትንኝ መግደያ የሚነፋውንም እሱ ባለበት ክፍል አይንፉ።

ክረምት ሲገባ ጉንዳን ይመጣል። ተኝቶ ያለ እንስሳ ላይ ጉንዳን ሲወጣ ማምለጫ የለውም። የሣጥኑን ጠረጴዛ አራት እግሮች በአራት ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፤ ጣሳው ውስጥ የሳሙና ውሃ ይሁን። በሳምንት ሁለት ጊዜ ውሃውን ይቀይሩ፤ አለበለዚያ ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል።

አሁን ወደ ምግቡ። «ወዲያው ያልቃል ግን ከሳ» ያሉት ነገር ግር ሊያሰኝዎት አይገባም፤ አልበላውም፣ ወሰደው እንጂ። ሲበላ ጠጋ ብለው ይዩት። እህሉን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ ያገላብጠዋል፣ ከዚያ በጎን በኩል ወደ ጉንጩ ይገፋዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ፊቱ በሁለት በኩል እስከ ትከሻው ያብጣል። ጉንጩ ውስጥ ሁለት ከረጢቶች አሉ። ወደ ጎተራው ሄዶ በፊት እግሮቹ ከኋላ ወደ ፊት እየገፋ ያራግፈዋል። የወፍ ቤት ውስጥ ጎተራ ስለሌለው ያራገፈው በሽቦው መካከል ወደ ታች ይወድቃል፤ የቀረውም ንፍሮ ስለሆነ በማግሥቱ ይበሰብሳል።

እንጀራና ሙዝ ተጣባቂ ናቸው፤ ከረጢቱ ውስጥ ተለጥፈው ይቀራሉ፣ ይሸታሉ፣ ያቆስላሉ። አንዱ ጉንጭ ከአንድ ቀን በላይ አብጦ ከቆየ ሐኪም ይየው። ንፍሮው ጨው አለው። ሙዝና ማንጎ ስኳር ስላላቸው፣ በተለይ ድንክዬው ዓይነት ለስኳር በሽታ ቅርብ ስለሆነ፣ አያስለምዱት።

ለሃምስተር የተዘጋጀ ምግብ እኅትዎ ከአዲስ አበባ ልትልክ ከቻለች የቀኑን ግማሽ ያህል ከእሱ ይስጡ፤ ቫይታሚኑ የተመጠነ ስለሆነ ይጠቅማል። ቀሪውን፣ ወይም ካልተገኘ ሁሉንም፣ ከገበያ ገዝተው ያዘጋጃሉ። ለ1 ኪሎ ግራም፦ ስንዴ 200 ግራም፣ ያልተፈተገ ገብስ 200፣ አጃ 150፣ ማሽላ 100፣ ጤፍና ዳጉሳ ተደባልቀው 100፣ ያለ ጨው ተቀቅሎ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ምስር 170፣ ያልተቆላና ጨው ያልነካው የዱባ ፍሬና የፈረንጅ ሱፍ 60፣ ተልባ 20። የቅባት እህሉ ከዚህ አይብለጥ፤ ሃምስተር ሱፉን ብቻ እየመረጠ ሌላውን ይተዋልና ሳህኑ ሳይጸዳ አዲስ አይጨምሩለት። ሁሉንም ለቅመው፣ ነፍተው፣ በክዳናም ቆርቆሮ ያስቀምጡ። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ስላለበት በዚህ ውህድ ውስጥ ሁለቱንም አላስገባንም። ጓያም አይግባ። ሰው እግሩን የሚይዘው እህል ለትንሽ እንስሳም አይበጅም። ጥሬ ባቄላና ቦሎቄም እንዲሁ።

መጠኑ በቀን 12 ግራም ያህል ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ማለት ነው። ማታ 2 ሰዓት ላይ ይስጡ፤ ሲሶውን በሲኒ፣ ቀሪውን ጭዱ ላይ ይበትኑት፣ ፈልጎ ይልቀም። በዚህ ልክ 1 ኪሎው ለ80 ቀን ያህል ይበቃል። ከዚያ በላይ ገዝቶ ማከማቸት በክረምት ለነቀዝና ለሻጋታ ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሽምብራ ፍሬ ሁለት የሚያህል የተቀቀለ እንቁላል፣ ወይም ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ፣ እሾሁ የወጣ የቀረሶ ዓሣ ይጨምሩለት። አትክልት በየቀኑ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፦ ካሮት፣ ኪያር፣ የካሮት ቅጠል፣ ትንሽ ጎመን። ለአዲስ እንስሳ ግን የመጀመሪያውን ሳምንት አትክልት አይስጡ፤ ሆዱ ይላላል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ብርቱካን፣ አቮካዶ፣ ጥሬ ድንች፣ ቸኮሌት፣ ቡናና ከሰው ወጥ ማንኛውም ይቅር። አሞሌ ጨው እንደ ከብት አያስፈልገውም። ከሐይቁ የተነቀለ እምቦጭም አይስጡት፤ ውሃው ውስጥ ያለውን ብክለት ይስባል።

ጥርሱ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል፤ ቢጫ መሆኑ ጤናው ነው። የሚያኝከው ከዘይቱን ዛፍ የተቆረጠ፣ የታጠበና የደረቀ ቅርንጫፍ ይግባለት። የማንጎ ቅርንጫፍ ፈሳሹ ያቃጥላል፤ ባሕር ዳር ላይ በየግቢው ቢኖርም ይተዉት። ውሃ በቀን 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በከባድ ሲኒ፣ በየማታው የሚቀየር። በጠርሙስ የሚሰጡ ከሆነ በየማታው ጫፉ ላይ ያለችውን ኳስ በጣትዎ ይንኩ፤ ጠርሙሱ ሙሉ ሆኖ ኳሷ ተጣብቃ በጥም የሚሞት ሃምስተር አለ።

ልጅዎን የነከሳት ክፉ ስለሆነ አይደለም። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ፣ ከላይ የመጣበትን እጅ እንደ ጭልፊት የቆጠረ እንስሳ ነው። ሁለቱንም ነገር ከዛሬ ጀምሮ እንድታቆም ይንገሯት። ወደ አዲሱ ሣጥን ከገባ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከምግብና ከውሃ በቀር ማንም አይንካው፤ አጠገቡ ተቀምጣ በዝግታ ብታወራለት ግን ድምፅዋን ይለምዳል። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ እጇን በሳሙና ታጥባ (የወጥ ሽታ ያለበት ጣት ይነከሳል) አንድ ቁራጭ ሶፍት ለጥቂት ደቂቃ በመዳፏ ይዛ ሣጥኑ ውስጥ ትተውለት። በሁለተኛው ሳምንት ማታ እሱ ራሱ ወጥቶ ሲያዩት፣ መዳፏን ዘርግታ ጭዱ ላይ ታስቀምጥና መሀሉ ላይ አንድ የዱባ ፍሬ ታድርግ። አትያዘው፣ አታንሳው። መጀመሪያ ነጥቆ ይሸሻል፣ ቀጥሎ መዳፏ ላይ ቆሞ ይፈለፍላል፤ ይህ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። መዳፏ ላይ በፈቃዱ ሲወጣ ሌላኛውን እጇን ከላይ እንደ ጣሪያ አድርጋ ትሸፍነው። ሁልጊዜ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ወይም በደረቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ይሁን። ሃምስተር ከፍታን አያውቅም፤ ከትከሻ ላይ እንደ ምንም ይራመዳል፣ ከወደቀም አጥንቱ ይሰበራል። ቢነክሳት ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠቡላት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷ ካለፈ ጤና ጣቢያ ያሳዩአት።

ቢያመልጥ ደግሞ የአይጥ ወጥመድም መርዝም አያስቀምጡ፤ በቤቱ ያለውንም ያንሱ፣ ድመቱን ያስወጡ። ማታ በየክፍሉ በር ላይ ስስ ዱቄት ይበትኑ፤ ጠዋት ኮቴው የትኛው ክፍል እንዳለ ይነግርዎታል። በዚያ ክፍል ባልዲ ያስቀምጡ፤ ታች ጭድና የዱባ ፍሬ ይሁን፣ ከውጭ በኩል በጣውላ ቁራጭ መወጣጫ ይሥሩ። በመወጣጫው ይወጣል፣ ባልዲው ውስጥ ይገባል፣ ተመልሶ ግን መውጣት አይችልም።

የአማትዎን ስጋት አናቃልለውም። ይህ እንስሳ ከቤት አይጥ ጋር የሚጋራው ወገኑን እንጂ ኑሮውን አይደለም፤ ሆኖም ከነካው በኋላ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ሣጥኑ ከማዕድ ቤት ይራቅ፣ ዕቃውም በምግብ ሳፋ አይታጠብ። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች እሷ አትንካው፣ ጉዝጓዙንም ሌላ ሰው ያውጣ፤ ሃምስተር ለፅንስ የሚያሰጋ ቫይረስ ሊይዝ ይችላል። እህሉ በቆርቆሮ ተከድኖ ሌሎቹ አይጦች ካልተሳቡ አማትዎ የሚፈሩት ዋናው ነገር ይቀራል።

በየሳምንቱ እሑድ ማታ ይመዝኑት። የቅመም ነጋዴ ትንሽ ሚዛን ይበቃል፤ እሱን ኩባያ ውስጥ አስገብተው፣ የኩባያውን ክብደት ቀንሰው፣ ልጅዎ በደብተር ትጻፈው። ከአሥር እጅ አንድ እጅ ከቀነሰ ሕመም ነው። ከሁሉ የሚያሳስበው ጅራቱ ሥር መርጠብ፣ ተቅማጥ፣ ተጎንብሶ መቀመጥና ምግብ መተው ነው። ይህ በተለይ ገና ትንንሾቹን፣ ቦታ ሲቀየርባቸው የሚይዝ የአንጀት በሽታ ነው፤ በሁለት በሦስት ቀን ይገድላል። እስከ ነገ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት። በመንገድ ላይ ሳሉ በንጹሕ ውሃ በግማሽ የቀጠነ ኦአርኤስ በጠብታ ከከንፈሩ ጎን ያቅምሱት፤ አፉ ውስጥ አያፍስሱ።

የእንስሳት ሐኪሙ በአብዛኛው የሚያክመው ከብትና በግ ስለሆነ ሁለት ነገር ይንገሩት፦ ክብደቱን በግራም፣ እንዲሁም አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና ፔኒሲሊን፣ ሊንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲን ለሃምስተር እንደማይሰጡ። እነዚህ ጠቃሚውን የአንጀት ባክቴሪያ ገድለው መርዘኛው እንዲባዛ ስለሚያደርጉ ያመመውን ሃምስተር ይገድሉታል። ከቤትዎ መሳቢያ ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለ ልጅዎ «ከእኔ ላካፍለው» ብላ እንዳትሰጠው፣ ዛሬውኑ ከእጇ ያርቁት።